አዴ ፋጡማ ዞር ስትል ቬንትሌተር ሆነችብኝ

ከዚራ24 | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ሰላም። ድሬ ያላችሁም፣ ሐረር ያላችሁም፣ ሸገር ገብታችሁ የቀራችሁም።

ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር አንድ አጭር ፊልም እየሠራሁ ነው። ታሪኩ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ ነው። አዴ ፋጡማ የምትባል ሎሚ ሻጭ አለች። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጣ በግራዋ በኩል ሎሚ እየደረደረች ሳለ ከቀኝ፣ ከባጃጆቹ በኩል፣ አንድ ሰው ይጠራታል። ዞር ብላ ታየዋለች። በቃ፣ ሾቱ ይኸው ነው።

ሪጉ (ገጸ ባሕሪዋን የማንቀሳቅስበት አጥንትና መቆጣጠሪያ) ብሌንደር ውስጥ ያለው ሪጊፋይ የሠራው ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም። ፍሬም 10 ላይ ጭንቅላቷ ወደ ግራ ነው፣ ፍሬም 26 ላይ ወደ ቀኝ። ዓይኗና አንገቷም እዚያው እዚያው ላይ ኪ ተደርገዋል፣ ቦታቸው ተመዝግቧል ማለት ነው። ከርቩ (በሁለቱ ኪ መሀል እንቅስቃሴውን የሚያሳየው መስመር) ንጹሕ ነው፣ የተሰበረ ነገር የለውም። ግን ሳጫውተው ቬንትሌተር ነው የምትመስለው። ቬንትሌተር ግራና ቀኝ እየዞረ ሲነፍስ አይታችኋል አይደል? ያው እሱ። እህቴ መጥታ አየችውና «ሴትዮዋ ሎሚ እየሸጠች ነው ወይስ እያራገበችልን ነው?» አለችኝ።

ቪዲዮውን አያይዣለሁ። ምንድን ነው የጎደለው?


የመጋላ ልጅ

አቦ! በዚህ ሙቀት የምታራግብ ሴትዮ ካገኘህ ምን አነሰህ? ወደኔ አዙራት።

ቁም ነገሩን የሚያውቁት ይመልሱልሃል። እኔ ለመከታተል ነው የገባሁት።


ጁገል ስሪዲ

ፍሬም በፍሬም አየሁት። ነገሩ ያለው «ከርቩ ንጹሕ ነው» ያልከው ላይ ነው። ብሌንደር ኪ ስታደርግ ሳትጠይቀው ቤዚየር የሚባለውን ከርቭ ይሰጥሃል። መነሻውን ቀስ ያደርጋል፣ መድረሻውን ቀስ ያደርጋል፣ መሀሉን ያፈጥናል። ሁለቱንም ጎን እኩል። ስለዚህ እስካሁን ያየነው የአዴ ፋጡማን አዟዟር ሳይሆን የሶፍትዌሩን ነው።

ከሁሉ በፊት ዓይኗን ከጭንቅላቷ ለያቸው። ሰው ሲጠሩት ቀድሞ የሚሄደው ዓይን ነው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። እሱን ለማስነሳት ጊዜ ይፈጃል። ዓይን ግን ከዚያ አንጻር ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ሲሄድም አይንሸራተትም፣ ይዘላል። 20 ዲግሪ ለመዝለል ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሴኮንድ ይበቃዋል። በ24 ሒሳብ አንድ ፍሬም 42 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው። በሁለት ፍሬም ውስጥ ደርሷል ማለት ነው። አንተ 16 ፍሬም ሙሉ እየጎተትክ ወሰድከው። ለዚህ ነው ዓይኗ ክፍት ሆኖ ምንም የማያየው።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዓይኗ ሰውዬው ላይ ሲያርፍ ጭንቅላቷ ገና መንገድ ላይ ነው። ጭንቅላቷ ወደ ቀኝ ሲመጣ ዓይኗ እዚያው ሰውዬው ላይ እንደተተከለ ይቆያል። ስለዚህ ብሌኗ ከቀኝ ጥግ ወደ መሀል ትመለሳለች። መስታወት ፊት ቁምና ሞክረው። ዓይንህን መስታወቱ ውስጥ ባለው ዓይንህ ላይ ተክለህ ጭንቅላትህን አዙር። ዓይንህ ንቅንቅ አይልም። ይህን በእጅ ኪ ማድረግ ሥቃይ ነው። የዓይኑን መቆጣጠሪያ ጭንቅላቱን እንዳይከተል አድርገህ ሰውዬው ቦታ ላይ ትከለው፣ ቀሪውን ሪጉ ይጨርስልሃል።

ለመነሻ ያህል፣ ዓይን ፍሬም 10 ላይ ይነሳና 12 ላይ ይድረስ። ጭንቅላት 12 ወይም 13 ላይ ይነሳ። ደረት 15 ላይ። መቆሚያቸውም እንደዚሁ አይገጣጠም።


ከዚራ24

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ዓይኗን ለየሁት። ቢያንስ ነፍስ ዘራች።

ግን ሁለት ነገር ገጠመኝ። አንደኛ፣ የዓይኗን ዒላማ ሰውዬው ላይ ስተክለው መጀመሪያ ላይ ብሌኗ ጠፋ። ነጩ ብቻ ቀረ። አስፈሪ ፊልም ሆነ። ሁለተኛ፣ ጭንቅላቷ አሁንም ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ነው የሚሄደው። መሀል ላይ ዝቅ ይበል የሚባለው እውነት ነው?


ሳቢያን ሪግ

አዎ፣ መሀል ላይ ዝቅ ይላል። ዩቲዩብ ላይ ያለው ትምህርት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። መሀሉ ላይ አንድ ብሬክዳውን (የመሸጋገሪያ አቋም) አስገባ፣ አገጯን ዝቅ አድርግ፣ ዓይኗን ጨፍን፣ አለቀ።


ጁገል ስሪዲ

የብሌኑን ጉዳይ ልመልስ። ጭንቅላቷ ወደ ግራ 30 ዲግሪ ዞሯል እንበል። ሰውዬው ደግሞ በቀኝ 60 ላይ ነው። ልዩነቱ 90 ሆነ። የሰው ዓይን በጉድጓዱ ውስጥ ወደ ጎን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ነው አቅሙ። ከዚያ በላይ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይኗ ጥግ ድረስ ሄዶ እዚያ ይጠብቃል። ጭንቅላቷ ተሸክሞት ይመጣል። ሰውዬው ዓይኗ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ሲገባ ነው የሚያዘው፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚተከለው።

በሥራ ስትተረጉመው፣ ዒላማውን ከመጀመሪያው ሰውዬው ላይ አታድርገው። ፍሬም 12 ላይ ብሌኗ ጥግ የምትደርስበት ቦታ አድርገው። እኔ ከ40 ዲግሪ አላሳልፍም፣ ከዚያ በላይ ሪግ ላይ ያስጠላል። ከዚያ ጭንቅላቷ ግማሽ ሲደርስ ዒላማውን በአንድ ዝላይ ሰውዬው ላይ አሳርፈው። ሁለት ዝላይ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛዋን ዝላይ ከዓይን ቆብ ጀርባ ደብቃት፣ ማንም አያይብህም።


እርሳስ ብቻ

ልጄ ሳቢያን፣ «አለቀ» ባትል ጥሩ ነበር። እኔ ወረቀት ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ብሌንደሩን የሚነካኩት ልጆቼ ናቸው። ጭንቅላት ግን ያው ጭንቅላት ነው።

ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን የሚባሉ የዲዝኒ አኒሜተሮች እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ ይህን ጉዳይ በሁለት ሥዕል ብቻ አስረድተውታል። በአንዱ ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ ትከሻ ያዘነበለ ነው። በሌላው ወደ ግራ፣ አገጩ ትንሽ ቀና ብሎ። ሁለቱ ሥዕሎች አይለወጡም። የሚለወጠው በመሀል የሚገባው ሥዕል ብዛት ነው። ምንም ካልገባ ሰውዬው በኃይል ተመትቷል፣ አንገቱ ሊነቀል ነው። አሥር ከገባ የሚያመውን አንገቱን እያፍታታ ነው። በእነዚህ መሀል ያሉት ሁሉ ሌላ ሌላ ሐሳብ ናቸው።

እንግዲህ አንተ 10 እና 26 ብለህ ስትጽፍ 16ቷን ፍሬም ከየት አመጣሃት? እኔ ሾቱን ሳየው ጥያቄዬ አንድ ነው። አዴ ፋጡማን ማን ነው የጠራት?

ዕዳ ያለባት ነጋዴ ከሆነ ዓይኗ ይሄዳል፣ ጭንቅላቷ ግን አይቸኩልም። እያወቀችው ታቆየዋለች። ልጇ ከሆነ ድምፁን ታውቀዋለች፣ ፊቷ ሳይዞር ፈገግታው ጀምሯል። «ደንብ አስከባሪ መጣ!» ያለቻት ጎረቤቷ ከሆነች ደግሞ ዝቅ ማለት የለ፣ ጨፈን ማለት የለ። ጭንቅላቷ በአምስት ስድስት ፍሬም ደርሶ እጇ ሎሚውን መሰብሰብ ጀምሯል። ይህን ሳትወስን ከርቭ ብትጎትት ትርፉ ድካም ነው።


የመጋላ ልጅ

ጋሼ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ አምስት ፍሬም ይበዛል። ወላሂ በሁለት ነው የምንነሳው።


ከዚራ24

ጋሼ እርሳስ፣ እውነቱን ለመናገር ማን እንደጠራት በስክሪፕቱ ላይ አለ፣ ሾቱ ላይ ግን አላሰብኩበትም። የጠራት ጅቡቲ ለብዙ ዓመት ቆይቶ የተመለሰ የድሮ ደንበኛዋ ነው። ድምፁን ታውቀዋለች፣ ግን እርግጠኛ አይደለችም።


እርሳስ ብቻ

ታዲያ እንዲህ ከሆነ አንድ አዟዟር አይደለም፣ ሁለት ነው።

መጀመሪያ የምትዞረው ሎሚ ገዢ ነው ብላ ነው። እንደ ሁልጊዜው። ስንፍና አለበት፣ ሙቀት አለበት፣ ስትቀመጥ ውላለች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ታየዋለች። እዚያ ጋ ጭንቅላቷ ሊቆም ይቃረባል፣ ግን አይቆምም። ስድስት ሰባት ፍሬም ያህል በጣም በጥቂቱ እየሄደ ይቆያል። ጨርሶ ካቆምከው ቪዲዮው የተንጠለጠለ ይመስላል። ከዚያ ነው ቀሪው የሚመጣው፣ ፈጠን ብሎ፣ አገጯ ቀና እያለ።

ዝቅ ማለት ካለ በመጀመሪያው ላይ ነው። እሱንም በትንሹ። በሁለተኛው ላይ ዝቅ ብታደርጋት ያፈረች ነው የሚመስለው። ሰውዬው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ዓይኗ ወደ ላይ ብዙ አይሄድም። ቆሞ ከሆነ ግን እሷ በርጩማ ላይ ናት፣ ቀና ማለቷ ግድ ነው። ካሜራህን እዚያ ጋ አስብበት።


ሳቢያን ሪግ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ዝቅ ማለቱን እንዲህ በቀላሉ አልጥለውም። የወንድሜን ልጅ በር ላይ አስቀምጬ ከተለያየ ቦታ እየጠራሁት በስልክ ቀረጽኩት። በትንሹ ሲዞር ምንም ዝቅ አይልም፣ ዓይኑም አይጨፈንም። ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው ሲዞር ግን ሁሌ ዓይኑን ያርገበግባል፣ አገጩም ትንሽ ይወርዳል። ሰፊ አዟዟር ላይ የዓይን ቆብ መርገብገብ እንደሚበዛ የተጠናም ነገር ነው። ከራሴ አላመጣሁትም።

ቆቡን ስታሳርፍ ግን መውረጃውና መውጫው እኩል አይሁን። ሲዘጋ ፈጣን ነው፣ ሲከፈት ቀስ ይላል። እኔ በሁለት ፍሬም እዘጋለሁ፣ አንድ ፍሬም አቆያለሁ፣ በሦስት አራት እከፍታለሁ። የሚጀምረውም ከዓይኑ ዝላይ ጋር ነው። ጭንቅላቱ መሀል እስኪደርስ ከጠበቅክ እንቅልፍ የመጣበት ሰው ነው የሚሆንብህ።


እርሳስ ብቻ

እሱን ቀድመህ ብትለው ኖሮ አልከራከርህም ነበር። ልጁን ቀርጸህ ማየትህ ከዩቲዩቡ ሁሉ ይበልጣል።


ሸዋ በር ሰዓሊት

ጣልቃ ልግባ። እኔ ሐረር ነኝ፣ የምሠራው ክሪታ በሚባል የሥዕል ሶፍትዌር ነው፣ ቱዲ፣ ጠፍጣፋ ሥዕል።

የማየውን ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት በሸዋ በር በኩል ራሳቸው ላይ ቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች ይገባሉ። ባለፈው አንዷን ከኋላ ጠሯት። ቲማቲም ነው የተሸከመችው። መጀመሪያ ምን ተንቀሳቀሰ መሰላችሁ? ዓይኗ ሳይሆን እጇ። ግራ እጇ ተነስታ የቅርጫቱን ጠርዝ ያዘች። ከዚያ ዓይኗ ጥግ ድረስ ሄደ። አንገቷ ቀጥ እንዳለ እግሯ ዞረ፣ ወገቧ ዞረ፣ ጭንቅላቷም ከነቅርጫቱ አብሮ መጣ። አገጯ አንድ ጣት ያህል እንኳ አልወረደም። ብትወርድማ ቲማቲሙ ሜዳ ላይ ነው።

ስለዚህ ዝቅ ይላል አይልም የሚለው ክርክር ራሱ ላይ ምን እንዳለ ሳይጠየቅ አያልቅም። አዴ ፋጡማ ሻርፕ አድርጋለች፣ አይደል? ቪዲዮው ላይ ሻርፗ ከጭንቅላቷ ጋር እንደ አንድ ዕቃ ይዞራል። የእውነቱ ሻርፕ ግን ጫፉ ግራ ትከሻዋ ላይ ተጥሏል፣ አገጯ ሥር ደግሞ ተጠምጥሟል። ወደ ቀኝ ስትዞር መጀመሪያ የግራ ትከሻዋ እጥፋት ይወጠራል። ቀኝ በኩል ያለው ይላላና ይጨማደዳል። ጭንቅላቷ ከቆመ በኋላ የተወጠረው ቀስ ብሎ ይሸሻል፣ ምናልባትም ትከሻዋን ለቆ ይወርዳል። ከወረደ እጇ ሄዳ ትመልሰዋለች። ይህን የማታደርግ ሴት ድሬም ሐረርም አላየሁም።

በነገራችን ላይ ሐረሪ አድርገሃት ጉፍታ ብታደርግላት ኖሮ ሥራህ ይቀል ነበር። ፀጉሩ ከሁለቱ ጆሮ ኋላ ተጠቅልሎ በመረብ ስለሚያዝ የሚወዛወዝ ነገር የለም።


ከዚራ24

እህቴ፣ የሻርፑ ነገር ገደለኝ። ክሎዝ ሲሙሌሽን (ጨርቁን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያንቀሳቅሰው) ላድርገው ብዬ ነበር፣ ላፕቶፔ ግን አይችልም። ድሬ ላይ በቀን ሬንደር ማድረግ (ምስሉን አስልቶ ማውጣት) ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሞቅ ሲለው ራሱን ያዘገያል። ፋኑ እያለቀሰ ነው የሚሠራው።


ሸዋ በር ሰዓሊት

ሲሙሌሽን ምን ያደርግልሃል? ትከሻዋ ላይ ለሚያርፈው ክፍል ሦስት አራት ቦን (የሪግ አጥንት) አስገባና በእጅ አስከትለው። እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው በሁለት ፍሬም ዘግይቶ ይነሳ። ጭንቅላቷ ላይ የተጣበቀው የሻርፑ ክፍል ግን እንዳለ ይዙር፣ እሱ ትክክል ነው።

ሬንደሩን ደግሞ ሐረር ላክልን። ከ1,800 ሜትር በላይ ነን፣ ማታ ማታ ብርድ አለ።


ፊዚዮ ድሬ

አኒሜሽን አልሠራም፣ ወንድሜ ነው ይህን ውይይት ያሳየኝ። አንገት ግን ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ልበል።

የሰው አንገት ሰባት አጥንት አለው። ወደ ግራና ቀኝ ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ የሚሆነው ከላይ ባሉት በሁለቱ አጥንቶች መሀል ነው፣ ከራስ ቅሉ ሥር። ቀሪው ለታችኞቹ ይከፋፈላል። ቪዲዮው ላይ ሴትዮዋ የምትዞረው ከአንገቷ ሥር፣ ከትከሻዋ ጋ ነው። ማጠፊያው ቦታውን ስቷል። ከጆሮ በታች፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ነው መሆን ያለበት። ፊት ከማጠፊያው ወደ ፊት ወጣ ያለ ስለሆነ ሲዞር በቦታው አይሽከረከርም፣ አፍንጫው ሰፋ ያለ ቅስት ይሠራል።

ሌላው ዕድሜዋ ነው። ወጣት ሰው ወደ አንድ ጎን 80 ዲግሪ ገደማ አንገቱን ሊያዞር ይችላል። ዕድሜ ሲጨምር ይህ ይቀንሳል። ስልሳ የደረሰች፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ የምትሠራ ሴት አንገቷ የማይሰጣትን ከደረቷና ከወገቧ ትበደራለች። ተቀምጣ ስለሆነ ደግሞ ክብደቷ ወደ አንዱ ዳሌዋ ያዘነብላል። ክሊኒካችን የሚመጡ እናቶች ስጠራቸው እንዲያ ነው የሚያዩኝ። ትከሻቸው ይቀድማል።

እና አንገት ላይ የምትወጣዋ ገመድ፣ ከጆሮ ኋላ ተነስታ ደረት አጥንት ላይ የምታርፈው ጡንቻ፣ የምትታየው ፊት ከዞረበት ተቃራኒ ጎን ነው። ወደ ቀኝ ስትዞር የግራዋ ትወጣለች። ሻርፑ ካልሸፈናት ማለት ነው።


ጁገል ስሪዲ

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ ይህን ነው የምንፈልገው። ወደ ሪግ ልተርጉመው።

ከመሀል ወደ ቀኝ 60 ዲግሪ ከሆነ የምትዞረው፣ 30ውን ለጭንቅላት፣ 15ቱን ለአንገት፣ ቀሪውን ለደረትና ለወገብ ስጥ። ወጣት ብትሆን ለጭንቅላቱ ጨምር። ሪጊፋይ ላይ ጭንቅላቱና አንገቱ ደረትን ምን ያህል ይከተሉ የሚል ቅንብር አለ። ጭንቅላቱ ደረትን እንዳይከተል ካደረግህ ደረቷን ብታዞርም ፊቷ ሰውዬው ላይ ይቀራል። እኔ ደረትን ዘግይቼ የማስነሳው በዚህ ነው፣ ፊቱን አያበላሽብኝም።


ከዚራ24

ሠራ። ግን አንድ እብድ ነገር አለ። ጭንቅላቷን ካዞርኩ በኋላ ትንሽ ወደ ጎን ላዘንብላት ስል ትነቀንቃለች። ለመነቅነቅ ስል ደግሞ ታዘነብላለች። ከርቮቹም ተጠላለፉ። ቦኑ ኤክስ ዋይ ዜድ ኦይለር ላይ ነው፣ በሦስቱ አቅጣጫ በየተራ የሚያዞረው ቅንብር።


ጁገል ስሪዲ

ጊምባል ሎክ ነው። ብሌንደር ላይ ዋይ ሁልጊዜ በቦኑ ርዝመት ላይ ናት። የጭንቅላት ቦን ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ግራና ቀኝ ማዞር ማለት ዋይ ነው። መነቅነቅ ኤክስ፣ ማዘንበል ዜድ። ኦይለር ላይ አደገኛው በመሀል ያለው ፊደል ነው። እሱ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ የቀሩት ሁለቱ አንድ ላይ ይወድቃሉ። አንተ ዋይን መሀል አስቀምጠህ እሷኑ ብዙ እያዞርክ ነው።

ዋይ ኤክስ ዜድ አድርገው፣ መሀል ላይ ኤክስ ትሆናለች። ማንም ሰው 90 ዲግሪ አይነቀንቅም። ኳተርኒዮን (በአራት ቁጥር የሚያዞረው ቅንብር) አድርገው የሚሉህ አሉ። ጊምባል ሎክ የለውም፣ ልክ ነው። ግን ከርቩን ከፍተህ ማንበብ አትችልም። ለጭንቅላት አልወደውም።

ኪ ከማድረግህ በፊት ነው የሚቀየረው። ካደረግህ በኋላ ዝም ብለህ ብትቀይረው ፖዙ ይበላሻል።


ሳቢያን ሪግ

አርኩን (የምትሄድበትን ቅስት) ለማየት የአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሞሽን ፓዝ አብራ፣ በየፍሬሙ የነበረችበትን በነጥብ ያሳይሃል። ከካሜራው ሆነህ ግን። ከጎን ሲያዩት ያማረ አርክ ከካሜራው ቀጥ ያለ መስመር ሊሆን ይችላል፣ ተመልካች ደግሞ ከጎን አያይህም። የጋሼን ሁለት አዟዟር ከሠራህ ነጥቦቹ መጀመሪያ ይራራቃሉ፣ መሀል ላይ ይጠጋጋሉ፣ እንደገና ይራራቃሉ፣ መጨረሻ ላይ በጣም ይጠጋጋሉ። ካላየህ አላደረግከውም።


እርሳስ ብቻ

ወይም ማርከር አንስቶ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ነጥብ ማድረግ። ነጭ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍበትን። በጨርቅ ይለቃል።


የመጋላ ልጅ

ጋሼ፣ የስክሪን ዋጋ የሰሙ አይመስለኝም።


ፈላና በር

ከርዕስ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። እኔ ጅብ ነው የምሠራው። ማታ ከሐረር ግንብ ውጭ ጅብ የሚያበሉበት ቦታ፣ ከኋላ ባጃጅ ሲመጣ ዞር የሚል ጅብ። እዚህ የተባለው ለጅብ ይሠራል?


ጁገል ስሪዲ

ብዙው ይሠራል። ጅብም፣ ግመልም አንገታቸው ውስጥ ያለው አጥንት ሰባት ነው። ልዩነቱ ርዝመቱና ውፍረቱ ነው። ጅብ አንገቱ ወፍራም ነው፣ የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፣ ስለዚህ ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ ከትከሻው ጋር ነው የሚመጣው።

ግን ዓይንን አታስቀድም። ጆሮውን አስቀድም። ሄደህ በባጃጁ መብራት ፊታቸውን እይ። ሥጋው ላይ ዓይናቸው ተተክሎ ሳለ አንዷ ጆሮ ብቻዋን ወደ ኋላ ትዞራለች። ብዙ ጊዜ በዚያው ይበቃዋል፣ ጭንቅላቱን አያዞርም። ሥጋ ፊቱ ላይ እያለ ለምን ይዞራል?


ፈላና በር

ዛሬ ማታ እሄዳለሁ።


ሳቢያን ሪግ

ስትቀርጽ በስልክ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በል። ብዙ ስልክ የሚቀርጸው በ30 ፍሬም ነው፣ እሱንም እኩል አይጠብቅም፣ ብርሃን ሲያንስ ያዘገያል። እንዳለ ብሌንደር ውስጥ ካስገባኸው ድምፅና ምስል ይለያያሉ፣ ፍሬም ብትቆጥርም ቁጥርህ ውሸት ነው። መጀመሪያ በሃንድብሬክ (ቪዲዮ መቀየሪያ ነው) ወይም በሌላ ቋሚ ወደ ሆነ 24 ቀይረው።


ከዚራ24

እሺ፣ አዲሱን አያያዝኩት። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው።

ጥሪው የሚሰማው ፍሬም 10 ላይ ነው። ሰው ሰምቶ ዓይኑን እስኪያንቀሳቅስ ወደ 200 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል ሲባል ስላነበብኩ አምስት ፍሬም ምንም አታደርግም፣ ሎሚዋን ትደረድራለች። 15 ላይ ዓይኗ ይዘላል፣ ቆቧም አብሮ ይወርዳል። 18 ላይ ጭንቅላቷ ይነሳል፣ በመጠኑ ዝቅ ይላል። 26 ላይ ታየዋለች፣ ዓይኗ ይተከላል። እስከ 33 ጭንቅላቷ በጥቂቱ እየሄደ ይቆያል። ከ33 እስከ 39 ቀሪው፣ አገጯ ቀና ብሎ። አንድ ሁለት ዲግሪ አልፋ ትሄድና እስከ 46 ትመለሳለች። ደረቷ 36 ላይ ይነሳል። ሻርፗ 50 ላይ ከትከሻዋ ይወርዳል። እጇ ሄዳ ስትመልሰው ሾቱ ይቆረጣል።

እህቴን አሳየኋት። «ማነው ግን የጠራት?» አለች። ስለ ጭንቅላቱ ምንም አላለችም።


ሸዋ በር ሰዓሊት

አቦ ይሄ ነው እንጂ! ደረቷ ዘግይቶ መምጣቱን ወደድኩት። ጭንቅላቷ እንግዳ ለማየት ዞሯል፣ ደረቷ ግን የዞረው ሰውዬውን ካወቀችው በኋላ ነው።


ፊዚዮ ድሬ

እኔ ያልኩት ትከሻ ይቀድማል ነበር። ግን በዚህኛው ይቅር፣ የታወቀ ድምፅ ሲሆን ሕመምም ይረሳል።


እርሳስ ብቻ

ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ። ፍሬም 18 ላይ ጭንቅላቷ ሲነሳ እጆቿም አብረው ይቆማሉ። ለምን? እስከ 26 ድረስ እኮ ገዢ መስሏታል። እጅ ሥራውን አይተውም። ግራ እጇ ሎሚውን ማስቀመጧን ትቀጥል፣ የምትቆመው ስታውቀው ነው። 28 አካባቢ፣ ሎሚው ገና ሳይቀመጥ።


ከዚራ24

ገባኝ ጋሼ። ጁገል፣ ለግራ እጇ አይኬ (መዳፏን ሳስቀምጥ ክንዷ የሚከተለው) ይሻላል ኤፍኬ (ከትከሻዋ ጀምሮ አንድ በአንድ የሚዞረው)? አሁን ኤፍኬ ላይ ናት።


ጁገል ስሪዲ

ሎሚውን እስክትይዝና ክምሩ ላይ እስከምታሳርፍ አይኬ። አለበለዚያ ደረቷ 36 ላይ ሲነሳ እጇን ከሎሚው ላይ ጎትቶ ይወስድብሃል። ሻርፗን ለማንሳት የምትሄደው እጅ ግን ቀኟ ትሁን፣ እሷን ኤፍኬ ላይ ተዋት፣ አርኳ ያምራል። ግራዋን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀይር የአይኬውንም የኤፍኬውንም አቋም አንድ ፍሬም ላይ ኪ አድርግ፣ ካልሆነ ትዘላለች።